ቅሬው ላልሞተ አይከፍልም

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ እያልኩ ብዙ ቆየሁ። አልበረደም፤ ስለዚህ ከነትኩሳቱ አንብቡት።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ዓሣውን ጠዋት ከአጥማጆቹ እረከባለሁ፣ እጠብሳለሁ፣ ከአዋዜ ጋር አቀርባለሁ። የሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶች ደንበኞቼ ናቸው። ቤቷን የከፈትኩት ዓረብ አገር የሰው ቤት ስጠርግና የሰው ልጅ ሳሳድግ ባጠራቀምኳት ገንዘብ ነው። እኔ የሄድኩት በአውሮፕላን፣ በኮንትራት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሰኢድ ግን በምድር እሄዳለሁ አለ። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግሩ ሳዑዲ።

ያልነገርኩት ነገር አልነበረም። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አንድ ቀን በጥፊም መታሁት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሳካ ብሎት የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ማታ ለባለቤቱ ገቢውን ሲያስረክብ ለራሱ የምትተርፈው የሻይ ናት። አባታችን ትቶለት የሞተውን ባሕር ዛፍ አስቆርጦ ሸጠና ገንዘቡን በፌስታል ይዞ ዓሣ ቤት መጣ።

"ዘይኑ፣ ይህን ያዢልኝ" አለኝ።

"አልይዝም።"

"ካልያዝሽልኝ ለደላላው አስረክቤ እሄዳለሁ። ምረጪ።"

ያዝኩ። ምን ላድርግ?

ላላወቀ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ልጅ ገንዘብ በኪሱ አይዝም። ከያዘ በረሃ ላይ ይቀሙታል፣ ወይም ጀልባ ላይ ሲፈትሹት ያገኙበታል። ስለዚህ ገንዘቡ አገር ቤት፣ በሚያምነው ሰው እጅ ይቀመጣል። ልጁ አንድ አገር ሲደርስ ይደውላል፤ "ደርሻለሁ፣ አስገቢላቸው" ይላል። ያዡ ሰው በተነገረው የሂሳብ ቁጥር ያስገባል። የሂሳቡ ባለቤት የሚኖረው የመን አይደለም። እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው፤ ምናልባት መንገድ ላይ ወርዶ እኔ ቤት ዓሣ በልቶ ያውቅ ይሆናል። ልጁ አገር ለአገር ሲንከራተት ገንዘቡ ከኢትዮጵያ ወጥቶ አያውቅም። ብዙ ሰው ይህን ብልሃት ይለዋል። እኔም ብዬው ነበር። ግን ሰኢድን በየመንገዱ የሚረከቡት ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ከጀርባው ገንዘብ የያዘች እህት እንዳለችው።

ጅቡቲ ሲደርስ ደወለ፣ አስገባሁ። ባሕሩን ሲሻገር ደወለ፣ አስገባሁ። እናታችን ፋጤ ሁለቱንም ጊዜ ሶደቃ አወጣች፤ ጎረቤት ጠርታ ዱዓ አስደረገች። የቀረው የመጨረሻው ክፍያ ብቻ ነበር፣ ሳዑዲ ሲገባ የሚሰጥ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ጋለልኝ ብዬ ዓሣ ስጨምር ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

"ዘይነባ ነሽ?" አለ አንድ ወንድ።

"ነኝ። ማን ልበል?"

"ወንድምሽ እኛ ዘንድ ነው። ደኅና ነው፣ አብሽሪ።"

እስኪ አስቡት። "አብሽሪ" አለኝ። ሐዘንተኛ የምናጽናናባትን፣ ለወላድ የምንላትን፣ የወሎን ቃል። አነጋገሩ ያለ ጥርጥር የእኛው አነጋገር ነበር፤ ሰውየው ወይ ከተሁለደሬ ነው፣ ወይ ከአምባሰል፣ ቢርቅ ከቃሉ ወረዳ። የየመን ሰዎች ከቤተሰብ ጋር የሚያነጋግርላቸው የአገር ልጅ ቀጥረዋል ማለት ነው።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?" አልኩት።

"የኔን ተይው። ወንድምሽን ላገናኝሽ።"

ሰኢድ መጣ። "ዘይኑ፣ የሚሉሽን አድርጊ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ሲመታ ሰማሁት። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ ለእሱም ለእኔም ክብር ስል። ሰውየው ስልኩን መልሶ ተቀበለና መጠኑን ነገረኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጉዞው ሁሉ ከከፈልኩት ይበልጣል።

"ሰኞ ዙሁር ላይ፣ እኩለ ቀን እንደውላለን። ያኔ ካላስገባሽ ለሌላ ቡድን እናስረክበዋለን። እነሱ እንደኛ አይታገሱም።"

ይህን ሲል አልጮኸም። ዋጋ እንደሚናገር ነጋዴ ነበር።

ዓሣው አሮ ቤቱ በጭስ ተሞላ። ደንበኞቼን አስወጥቼ ዘጋሁ። ለመጨረሻው ክፍያ የያዝኩለት አይበቃም ነበር፤ የእጄን ወርቅ ለጎረቤቴ ለጨርቅ ነጋዴዋ በርካሽ ሰጠኋት። ፍሪጁን ያኔውኑ ገዢ አገኘሁለት፤ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ሲሄድ አላየሁትም፣ ፊቴን አዙሬ ነበር። እሑድ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ አምባሰል፣ ውጫሌ፣ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ ሳልጨርስለት ተነስቶ ገባ፤ ለእርሻ በሬ መግዣ ያስቀመጠውን አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው። "አማና ነው፣ ትመልሺያለሽ አላልኩሽም። ስጦታ ነው፣ ሂጂ" አለኝ። ያን ቀን ያለ ደንብ የሰጠኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ስመለስ እናቴ ዓሣ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከእሷ ልደብቅ ነበር ሐሳቤ።

"ፍሪጁ የት አለ?" አለችኝ።

"ተበላሽቶ..."

"ሰኢድ ምን ሆኗል?"

ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ምን ያህል ጎደለሽ?" ብቻ አለች። ነገርኳት። የጎደለኝ፣ እንደ እጣ ሆኖ፣ ቅሬው ለአንድ ቀብር ከሚያወጣው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ሁለታችንም እኩል አሰብነው። ያ ዕለት ደግሞ የቅሬው ወርኃዊ ስብሰባ ቀን ነበር።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል። እናቴ ቅሬው ሲቋቋም ጀምሮ አለችበት፤ የስንቱን ለቅሶ ድስት እንዳጠበች እሷም አታውቀው። እንዲሁ ወግ የሚጠብቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዘመኑን ያየ ቅሬ ነው። ድሮ ገንዘብ የሚወጣው አስከሬን ሲኖር ነበር። የሰፈሩ ልጆች በባሕር እየሰመጡ፣ በበረሃ እየቀሩ ሲያስቸግሩ ደንቡ ተሻሻለ፤ ከውጭ መርዶ ከመጣና ቤተሰቡ ካመነ ያለ አስከሬንም ይከፈላል ተባለ። መርዶው በስልክ ቢመጣም ይበቃል። ለመንገዱ ደንብ አውጥተውለታል ማለት ነው፤ መንገዱ ገድሎ ሲጨርስ ብቻ የሚሠራ ደንብ።

ስብሰባው በቅሬው ዕቃ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ወንዶቹ አግዳሚው ላይ፣ ሴቶቹ በድስቶቹ በኩል ተቀምጠዋል። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙሄ ናቸው፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማያውቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው። ሁሉን ነገርኳቸው። ስለ ስልኩ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ ዱላው። ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሸህ ሙሄ "ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው" አሉኝ። "ግን ደንቡ ለሞተ ነው። ላልሞተ ከከፈልን ነገ ሁሉም ይመጣል።"

"ይምጣ። ምን አለበት?"

"ገንዘቡ ያልቃላ።"

"ሲያልቅስ?"

"የሞተ ሰው በምን ይቀበራል?"

"በአፈር ነዋ" አልኩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አፈነ። ሸህ ሙሄ አልሳቁም።

"ዘይነባ፣ መርዶ ቢመጣ ኖሮ ዛሬውኑ እናወጣ ነበር። አላህ ያውቃል።"

"ታዲያ ሞቶ ከምትሰጡን ሳይሞት ብትሰጡን ምን ይጎድልባችኋል? ያው ገንዘብ፣ ያው ልጅ አይደለም?"

"ደንቡን እኔ ብቻዬን አላወጣሁትም" አሉ።

ይህችን መልስ በሕይወቴ ብዙ ሰምቻታለሁ። ቀበሌ ሰምቻታለሁ፣ ዓረብ አገር ኤምባሲ በር ላይ ሰምቻታለሁ። ከአንድ ሳህን አብረውኝ ከበሉ ሰዎች እሰማታለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

"ለሰኢድ የሚወጣውን ለእኔ ቀብር እንደወጣ ቁጠሩት" አልኩ። "እኔ በራሴ ስም አባል ነኝ።" መዝገብ ያዡ ጋሽ ፈንታው አዲስ አባል መሆኔን፣ መዋጮዬ ገና እንዳልሞላ ነገሩኝ። ጋሽ ፈንታው መልካም ጎረቤታችን ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ በፋሲካ እኛ ቤት ዳቦ ይልካሉ፣ በዒድ እኛ እንልካለን። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦

"የኔ ልጅ፣ ለምን ታስረዝሚዋለሽ? ሞቷል በይ። አሁን በስልክ ተረዳን በይ። እኔ ቀድሜ እጄን አወጣልሻለሁ።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለማለት ቆምኩ። ውሸቱ አልከበደኝም። ሸህ ሙሄም የሚያውቁት መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ፣ ላለማየት። ሁሉም የሚጠብቀው ያቺን አንድ ቃል ነበር። ገንዘቡ ይወጣል፣ ደንቡም አይነካም፣ እነሱም ወደ ቤታቸው ይገባሉ። አፌን ስከፍት ከድስቶቹ በኩል "ዘይነባ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ተቀመጪ" አለች እናቴ።

ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። እናቴ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

"በልጄ ላይ ሞት አይጠራበትም" አለች። "እዚያ ይምቱት፣ እዚህ እኛ አንገድለውም።" ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረች። "ሸህ ሙሄ፣ እኔ የዚህ ቅሬ ሰው ነኝ?"

"ምን ጥያቄ ነው ፋጤ፣ ከመጀመሪያዎቹ ነሽ።"

"ስሞት የሚወጣልኝ አለ?"

"እንዴታ።"

"እሱን ዛሬ ስጡኝ። ስሞት አትምጡ።"

እኔ የተባለው ነገር ወዲያው አልገባኝም።

"አስተውለሽ ነው?" አሏት ሸህ ሙሄ። "ድንኳን የለም ማለት ነው። ቆፋሪ የለም። ተሸካሚ የለም።"

"አውቀዋለሁ። ስታደርጉት እያየሁ ኖሬያለሁ።"

በእኛ አገር ያለ ቅሬ መቀበር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ድሃ መሆን አይደለም፤ ድሃ ሁሉ በክብር ይቀበራል። ሰው እንዳልነበሩ መቆጠር ነው። እናቴ ለከፈኗ ነጭ ጨርቅ ገዝታ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠች ሴት ናት። የምትፈራው ሞትን አልነበረም፤ ቀብሯ ላይ ሰው እንዳይጎድል ነበር የምትፈራው።

አንድ ሰው "ኧረ ተይ ፋጤ፣ ነውር ነው" እስኪላት ጠበቅኩ። ጋሽ ፈንታውን አየኋቸው። ሴቶቹን አየኋቸው። ወንዶቹ ተሰባስበው ተንሾካሾኩ፣ ረጅም ጊዜም አልፈጀባቸውም። ሸህ ሙሄ በዚያው ለስላሳ ድምፃቸው ውሳኔውን ተናገሩ።

"በደንቡ የሚከለክል ነገር አላገኘንም።"

እጅ አውጡ ተባለ። ጋሽ ፈንታው፣ ቃላቸውን ጠብቀው፣ ቀድመው አወጡ። የእናቴን ስም ሰረዙት፤ እሷ ቆማ እያየች።

ያኔ የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውስም። የረገምኩት ሰው እንዳለ፣ አንድ ድስት በእግሬ ገፍቼ እንደገለበጥኩ ነገሩኝ። እናቴ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። መንገድ ላይ "ሰኞ ባንክ በጠዋት መሄድ አለብን፣ ወረፋ አለው" ነው ያለችኝ።

ሰኞ ባንኩ ሳይከፈት በር ላይ ነበርን። የቅሬው ፈራሚዎች መጡ፤ በሰዓቱ መጡ፣ ይህን አልክድባቸውም። ገንዘቡ ወጣ፣ እኔ ካሰባሰብኩት ጋር ተደምሮ በማላውቀው ሰው ስም ገባ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ "ምክንያት?" ብላ ጠየቀችኝ፤ "ንግድ" አልኳት። ዙሁር ላይ ያ ድምፅ ደወለ።

"ደርሷል" አለ። "አላህ ይስጥልኝ።"

"አላህ የሥራህን ይስጥህ" አልኩት። ዘጋው።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። እናቴ መስገጃዋ ላይ፣ እኔ ባዶ ዓሣ ቤት ውስጥ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ። የአስር ሶላት አለፈ፣ የመግሪብ አለፈ። ለሌላ ቡድን አስረክበውት ቢሆንስ? እንዲህ ያደረጉት ብዙ ነው። ከኢሻ በኋላ በሌላ ቁጥር ተደወለ።

"ዘይኑ፣ እኔ ነኝ። ለቀውኛል። መንገድ ላይ ጥለውን ሄዱ። አንድ የመን ሰውዬ ነው ስልክ ያዋሰኝ፣ ውኃም ሰጥቶኛል።"

ስልኩን ይዤ እቤት ሮጥኩና ለእናቴ ሰጠኋት። "ልጄ" አለች።

ሰኢድ ሳዑዲ አልሠራም። ድንበር ላይ ተያዘ፣ እስር ቤት ከረመ፣ ከሌሎች ጋር በአውሮፕላን ተመለሰ። ከስቶ፣ አንድ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሆኖ ሐይቅ ገባ። እናቴ የቅሬውን ነገር እንዳልነግረው አስምላኝ ነበር። ያወቀው ጎረቤት ሞቶ የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲወጣ እናቴ ብቻዋን እቤት ተቀመጠች። "እማ፣ ምነው አትሄጂም?" አላት። እኔ ነገርኩት። ምሐላዬን አፈረስኩ፤ አልጸጸተኝም።

አሁን እናንተን ነው የማናግረው። በየመኖቹ ላይ መናደድ ቀላል ነው። በዚያ "አብሽሪ" ባለኝ የአገሬ ልጅ ላይ መናደድም ቀላል ነው፤ ባገኘው ምን እንደማደርገው አውቃለሁ። የኔ ንዴት የሚያድረው ግን በበረንዳው ሰዎች ላይ ነው። ክፉዎች ቢሆኑ ትቻቸው እቀመጥ ነበር። ክፉዎች አይደሉም። አባቴን በዝናብ የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ሰኢድ ቢሞት ሰባት ቀን እቤታችን ያድሩ ነበር። እስኪሞት ግን ሊጠብቁት ተዘጋጅተው ነበር፣ ከእንባቸው ጋር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ስብሰባ አልቀረሁም። በየወሩ እነሳለሁ፤ ለተያዘ ልጅ፣ ለታመመ ሰው፣ ሳይሞት ይከፈል እላለሁ። በየወሩ ለሚቀጥለው ይደር ይላሉ። "ዘይነባ ተነሳች" ብለው እርስ በርስ ሲተያዩ አያለሁ። ይተያዩ። እናንተም የየራሳችሁን ዕድር ወይ ቅሬ ደንብ አውጡና አንብቡት፤ ስልካችሁ ሳይጠራ፣ ዛሬ። የሰፈራችሁ ልጅ በሕይወት እያለ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቁ። እኔ ቤት ደግሞ "ገንዘቤን ያዢልኝ" ብለው የሚመጡ ልጆች አሁንም አሉ። ከእናቴ ፊት አስቀምጣቸውና ራሷ እንድትነግራቸው አደርጋለሁ። አንዳንዱ ይመለሳል። አንዳንዱ ሌላ ያዥ ይፈልጋል።

ባለፈው ሸህ ሙሄና ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። ፋጤ ገንዘቡን ቀስ እያለች ትመልስና ስሟ ይመለስ አሉ። እኔ ልከፍል ተነሳሁ። እናቴ አልፈለገችም። "የሸጥኩትን ሸጫለሁ። ልጄ ደግሞ ይኸው ገብቷል" አለቻቸውና እንዲበሉ ምሳ አቀረበችላቸው። በሉ፣ መርቀው ሄዱ።

ሰኢድ አሁን እንደገና ባጃጅ ይነዳል። የቅሬው ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ግን ባጃጁን ባለበት ያቆምና ዶማውን ይዞ ይሄዳል። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አይመርጥም፤ አባል አይደለም፣ የሚቆጥርለትም የለም። ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሁሉ በኋላ ከጉድጓዱ ይወጣል። ለማን ብሎ እንደሚቆፍር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሸህ ሙሄም ያውቃሉ፣ ጋሽ ፈንታውም ያውቃሉ፤ አጠገቡ ቆመው አፈሩን ያያሉ። እስከ ዛሬ ድረስ "ይበቃሃል፣ ለእናትህ እኛ አለን" ያለው አንድም ሰው የለም።